አቦል ብቻ

የጉዞ ማስታወቂያዎችን አይታችኋል፤ ቴሌግራም ላይ በየሳምንቱ ይጎርፋሉ። «ዋጋው የሚያካትተው» ይልና ይዘረዝራል፦ ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ መግቢያ፣ አስጎብኚ፣ የቡና ሥነ ሥርዓት፣ ፎቶ። ከታች «ዋጋው የማያካትተው» ይመጣል፦ የአልኮል መጠጥ፣ ጉርሻ፣ የግል ወጪ። ሁለቱ ዝርዝሮች አንድ ላይ ሲነበቡ ከእነሱ ውጪ የቀረ ነገር ያለ አይመስልም። አንድ ነገር ወይ ተከፍሎበታል፣ ወይ ከኪስህ ትከፍልበታለህ፣ አለቀ። እኔን የሚከነክነኝ ሦስተኛ ዝርዝር ይኑር አይኑር ነው። ሙሉ ዋጋዬን ከፍዬ፣ የሰው ሥራና የሰው ቤት ሳይ ውዬ ማታ ስመለስ፣ ላየኋቸው ሰዎች የቀረብኝ ዕዳ አለ? ወይስ ሒሳቡ ተዘግቷል?

የዚህ ዓይነቱ ጉዞ አገሩ ሜዲትራኒያን ዳር ነው። ከኒስ ተነስቶ ኤዝንና ሞናኮን በአንድ ቀን፣ ከኔፕልስ ተነስቶ ሶሬንቶን፣ ፖዚታኖንና አማልፊን በአንድ ቀን። ስምንት ሰው በአንድ ቫን። ጠዋት ከሆቴልህ በር ይወስዱሃል፣ ገደል አፋፍ ላይ አቁመው ባሕሩን ያሳዩሃል፣ የሎሚ ሳሙና የሚሸጥበት ሱቅ ያስገቡሃል፣ ማታ ይመልሱሃል። «አነስተኛ ቡድን» የሚለው ቃል ራሱ ሸቀጥ ነው፤ ሃምሳ ሰው በአውቶቡስ ሲሄድ መንጋ ይመስላል፣ ስምንት ሲሆን ግን ወዳጅ ዘመድ። እኛም የወሰድነው ያንኑ ቅርጽ ነው፣ ባሕሩን በቡና ተክተን።

እዚያው አካባቢ ጥያቄዬን በደንብ ለመመለስ የሞከረች ከተማ አለች። ቬኒስ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በተመረጡ ቀናት ሳያድር ከሚመለስ ጎብኚ 5 ዩሮ መቀበል ጀመረች። ከተማዋ ውስጥ የሚያድር ይህን አይከፍልም (እሱ በሆቴሉ በኩል ሌላ ግብር አለበት)። የሚያድርና የማያድር ሰው በሞራል ሚዛን አንድ አይደሉም የሚለው ሐሳብ ደስ ይለኛል። መልሱ ግን «የሚያካትተው» ከሚለው ዝርዝር ሥር አንድ መስመር መጨመር ብቻ ሆነ። አምስቱን ዩሮ የከፈለ ሰው እንደገና ነፃ ነው።

ወደ እኛ ልምጣ። ስምንት ነበርን። ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ አድርጎ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ የአንድ ቀኑ ጉብኝት የሚጀምረው ሚዛን ተፈሪ አድሮ ነው። ከሚዛን በአንድ በኩል በበቃ፣ በሌላ በኩል ቴፒ አሉ፤ ሁለቱም በመንግሥት ተቋቁመው በኋላ ወደ ግል የዞሩ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች ያሉባቸው ናቸው። በመካከል ያለው ሁሉ ጫካ፣ የጓሮ ቡና፣ ሙዝ፣ ጎደሬ፣ ኮረሪማ፣ ማር። አስጎብኚያችን ጎበዝ ልጅ ነበር፣ የአካባቢው ተወላጅ። ጫካ ቡናን ከእርሻ ቡና በዓይን መለየት አስተማረን፤ የጫካው ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይመዘዛል፣ ፍሬውም አልፎ አልፎ ነው፤ የእርሻው ግን ተገርዞ በሰው ቁመት ልክ ፍሬ አዝሎ ይቆማል። ከላያችን ጉሬዛ ሲዘል ሁላችንም ስልካችንን አወጣን። እስከዚህ ድረስ ምንም የሚከነክን ነገር የለም። ጉሬዛ በኪሎ አይከፈለውም።

ቀጥሎ የቆምነው ለቀማ ላይ ነበር። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ቆላማው ላይ ቡናው ከደጋው ቀድሞ ይቀላል። ለቃሚዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ብዙዎቹም ለወቅቱ ከሌላ ቦታ የመጡ እንደሆኑ ልጁ ነገረን። ክፍያው በኪሎ ነው። ቀዩን ብቻ መርጠሽ ትለቅሚያለሽ፣ ማታ ይመዘናል፣ እንደ ሚዛኑ ታገኛለሽ። ከእኛ አንዷ ቅርጫቱን በእጇ ይዛ ከአንዲት ለቃሚ ጎን ቆመች፤ ሌላው ፎቶ አነሳ፤ ከዚያ ተራ በተራ ሆነ። ልጅቷ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችና መልቀሟን ቀጠለች። አልተቆጣችም። እሺም እምቢም አላለችም። ቅርጫቷ ግን ለአሥር ደቂቃ ያህል እኛ እጅ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነውና። በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ሰው አሥር ደቂቃ ምንም አይደለም። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ አንድ ጎብኚ ቡድን ገብቶ ኮድ ስጽፍ ቢያየኝ አሥር ደቂቃ እፈነጫለሁ፣ ደመወዜ አይቀንስም። በኪሎ ለሚከፈለው ሰው ግን አሥር ደቂቃ የሚታይ፣ የሚመዘን ነገር ነው። እኛ የቆምንበት ጊዜ ማታ ሚዛኑ ላይ ይወጣል፣ ስማችን ሳይጠራ። ስለዚህ «ማየት ምንም አይጎዳም» የሚለው አባባል፣ ብዙ ጊዜ እውነት ቢሆንም፣ እዚያ ማሳ ላይ በሒሳብ ስህተት ነው።

መኪና ውስጥ ክርክር ተነሳ። አንዱ «ብር ብንሰጣትስ?» አለ። ሌላው «ሰውን ለልመና ማስለመድ ነው፣ ኦሞ ላይ የሆነውን አላየህም?» አለው። ኦሞ ላይ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል፦ ሙርሲዎች ለእያንዳንዱ ፎቶ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ጎብኚውም «ንግድ ሆነ፣ ተበላሸ» እያለ ይመለሳል። እኔ ሙርሲዎቹ ልክ ናቸው ባይ ነኝ። ካሜራው መጀመሪያም ንግድ ነበር፤ እነሱ ዋጋውን ጮክ ብለው ተናገሩ እንጂ አዲስ ነገር አላመጡም። ጎብኚውን የሚያናድደው ገንዘቡ አይመስለኝም፣ ብዙም አይደለምና። የሚያናድደው የሚታየው ሰው ቀና ብሎ ማየቱ ነው።

ከእኔ ሥራ አንድ ቃል ልዋስ። ሲስተም ላይ «ሪድ ኦንሊ» የሚባል ፈቃድ አለ፤ ማንበብ ትችላለህ፣ መንካት አትችልም። ጎብኚ ራሱን እንደዚያ ያስባል፦ አየሁ እንጂ ምን ነካሁ? ግን ማሳው ላይ የነበረው ፈቃድ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበረው። እኛ ስለ ልጅቷ ሥራ፣ ስለ ክፍያዋ፣ ስለ ቤቷ አስጎብኚውን ጠየቅን፤ እሷ አጠገባችን ቆማ። እሷ ስለ እኛ ምንም የምትጠይቅበት ቦታ አልነበራትም። ማነው የሚከፍላቸው? ለምን እዚህ መጡ? ፎቶው የት ይሄዳል? ይህን ብትጠይቅ ማንም አይከለክላትም፣ ልክ ነው። ግን ፕሮግራሙ ለዚህ አንዲት ደቂቃ አልመደበም፣ ሚዛኑም እየጠበቃት ነው።

ምሳ ላይ አስጎብኚው የጌሻን ታሪክ አወራልን። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ በአጭሩ ልበለው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አንድ የእንግሊዝ ቆንስል ከዚህ አገር ጫካ የቡና ዘር ሰበሰበ። ዘሩ ኬንያና ታንዛኒያ ደረሰ፣ በ1953 ኮስታሪካ፣ በ1960ዎቹ ፓናማ ገባ። በ2004 ቦኬቴ ከሚባል የፓናማ ተራራማ አካባቢ የመጣ ጌሻ በጨረታ ፓውንዱ 21 ዶላር ተሸጠና ዓለምን አስደነቀ፤ በ2019 ሌላው ፓውንዱ 1,029 ዶላር አወጣ። ስሙንም የጃፓኗ ጌይሻ በሚጻፍበት ፊደል ስለሚጽፉት ብዙ ጠጪ ቶኪዮን እንጂ ማጂን አያስብም። ዛሬ ሀብታም ጎብኚ ለጌሻ ሲል ቦኬቴ ሄዶ፣ በአነስተኛ ቡድን፣ በአንድ ቀን፣ አስጎብኚ ይዞ እርሻ ያያል።

ጠረጴዛው ዙሪያ ንዴት ሆነ። «ዘረፉን!» አልን። ንዴቱ እውነት አለው፤ ዘሩ ሲሄድ ማንም ማንንም አላስፈቀደም። እኔን ያሳሰበኝ ግን «ን» የምትለዋ ፊደል ናት። ማንን ነው የዘረፉት? ስምንታችንም የአዲስ አበባ ልጆች ነን። ጫካው የነበረው ደግሞ ቤንች፣ ሸኮ፣ መኢኒት፣ ዲዚ፣ ከፋ የሚባሉ ሰዎች ሲኖሩበት፣ ሲጠብቁት ነው። «የእኛ ቡና» ስንል የባለቤትነቱን ንዴት ወሰድን፣ የለቀማውን ሒሳብ ግን ማሳው ላይ ትተን መጣን። ከሁለት ሰዓት በፊት ሻሿን ስባ ፊቷን የሸፈነችው ልጅ በዚያ «እኛ» ውስጥ ነበረች? ከሆነች ምሳ ላይ ለምን ስሟን የሚያውቅ አልነበረም?

ከሰዓት በኋላ ወደ ቴፒ መንገድ አንዲት እናት ቤት ገባን፤ ለ«ቡና ሥነ ሥርዓቱ»። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ፈንዲሻው ተዘጋጅቷል፣ ረከቦቱ አዲስ አበባ ሆቴል ሎቢ ውስጥ እንዳለው ነው። ከጓዳ ግን ሌላ ሽታ ይመጣል፣ የዝንጅብልና የሚጥሚጣ። አስጎብኚውን ስጠይቀው ሳቀ፦ ጨሞ ነው፣ የቡና ቅጠል በቅመም ተፈልቶ የሚጠጣ፤ የቤቱ ሰው የሚጠጣው እሱን ነው። «ለምን እሱን አላሳያችሁንም?» ብለው «እንግዳ የሚጠብቀው ይሄኛውን ነው» አለኝ። ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ የራሱን ሳሎን አይቶ መመለስ ይሏል ይሄ ነው። (ኪሎ ሜትሩን ትንሽ አጋንኜዋለሁ፤ ወገቤ የቆጠረው ነው።)

ፕሮግራሙ ላይ ለቡናው የተመደበው 45 ደቂቃ ነበር። ቡና ማፍላት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ይስቃል። ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው ፈልቶ አቦል ሲቀዳ 45ቱ አለቀ። ቶና የለም፣ በረካ የለም። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

ሦስቱ ስኒ ለምን ሦስት እንደሆነ ሰው ብዙ ይላል። እኔ የማየው ግን ቀላል ነገር ነው። በአቦል እንግዳው ይጠይቃል፣ ያደንቃል፣ «ግሩም ነው» ይላል። በቶና ተራው የባለቤቷ ነው፦ «የማን ልጅ ነህ? እናትህ በሕይወት አሉ? ምን ትሠራለህ?» በረካ ላይ ምርቃት አለ፣ ምርቃት ደግሞ የሚመረቀውን ሰው ማወቅ ይፈልጋል። እንግዳ ማለት የሚጠየቅ ሰው ነው። አቦል ብቻ ጠጥቶ የሚነሳ ሰው ጠይቆ ሳይጠየቅ ወጣ፤ ደንበኛ ነው። ደንበኛ ሲከፍል ዕዳው ይዘጋል፣ እንግዳ ግን ዕዳው ክፍት እንደሆነ ይሄዳል። «ቤታችን ድረሱ» የምንለው ለዚህ ነው፣ ባይደርሱም።

አሁን ተቃውሞው ይምጣ፣ ራሴም ግማሽ አምነዋለሁ። ጓደኛዬ፣ ከስምንታችን አንዷ፣ እንዲህ አለችኝ፦ «አንተ የምትናፍቀው ሴት ልጅ በነፃ ስታፈላ የኖረችውን ቡና ነው። እኚህ እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ ለስንቱ እንግዳ ሦስት ሦስት ስኒ ቀድተዋል፤ ዛሬ ገና ተከፈላቸው፣ አንተ ደግሞ ክፍያው ነገሩን አበላሸው ትላለህ።» ከባድ ነው። እውነትም እንግዳ ተቀባይነት የሚባለው ወግ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ጉልበት ነው፣ የሚመሰገነው ግን ቤቱ። ስለዚህ መከፈሉን አልነካም፤ እንዲያውም ቢጨመር። የእኔ ነገር ሌላ ነው። ክፍያው መጠየቅን ለምን ይተካል? ከፍለህም ልትጠየቅ ትችላለህ።

ደግሞም ተጠይቀናል። ልንወጣ ስንነሳ እናት ስኒዎቹን እየሰበሰቡ «እናንተ አገር ቡና ስንት ነው ልጆቼ?» አሉ። አንዱ የኪሎውን ዋጋ ነገራቸው። «እሱንማ በሬዲዮም እሰማለሁ፣ ይቺ ስኒዋ?» አሉ። እርስ በርስ ተያየን። ቦሌ አንዳንድ ካፌ ከመቶ ብር በላይ እንደሆነ የተናገረችው ያቺው ጓደኛዬ ናት። እናት ስኒዋን አገላብጠው አዩዋት፣ ከዚያ ወደ ጀበናው። «ስንት ስኒ ይወጣዋል አንድ ኪሎ?» ማናችንም አናውቅም። እሳቸው ግን ያውቃሉ፤ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ያን ቀን ከሰማሁት ማብራሪያ ሁሉ የቡና ገበያን በትክክል የነካው ይህ ነበር፣ የመጣውም ከፕሮግራሙ ውጪ፣ በሩ ላይ፣ ጥሩምባው እየተነፋ።

እንግዲህ የደረስኩበት መመዘኛ ይህ ነው፣ ለመኪና ውስጥ ክርክርም ይሆናል፦ የማየው ሰው «አይሆንም» ማለት ይችላል? መልሶ ሊጠይቀኝስ? እናት ሁለቱንም ይችሉ ነበር፤ ቤቱ የእሳቸው ነው። ለቃሚዋ ሁለቱንም አትችልም ነበር፤ «አይሆንም» የሚለው መልስ ከአሠሪዋ ጋር፣ ጥያቄው ደግሞ ከሚዛኑ ጋር ያጋጫታል። ቀኑ ማጠሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ዓመት ተቀምጦም ሳይጠየቅ የሚሄድ ሰው አለ፣ ስንቱን አጥኚና ባለ ፕሮጀክት አይተናል።

ጉዞውን ላዘጋጀው ልጅ ይህንን ሁሉ ሳልጽፍ በድምፅ መልእክት ሁለት ነገር ጠየቅሁት። አንደኛ፣ ለቀማ ላይ የሚቆም ቡድን ከቆመበት ደቂቃ ጋር የሚመጣጠን የለቀማ ክፍያ በእጅ ለለቃሚዋ ይስጥ፣ እንደ ጉርሻ ሳይሆን እንደ ኪሎ። ሁለተኛ፣ ቡናው እስከ በረካ ይቆይ፤ ከተቻለም በጨሞ ይጀመር። መልሱ ቶሎ መጣ። የመጀመሪያው «ይታሰባል» ነው። ስለ ሁለተኛው እንዲህ አለኝ፦ «ወንድሜ፣ በረካ ከጠበቅን የምናየው ሦስት ቦታ ብቻ ነው። ሰው አምስት ቦታ ካላየ ደግሞ አይመዘገብም።»

ሳይሆን አይቀርም። ባለፈው ሳምንት የተለጠፈው ማስታወቂያ ስድስት ቦታ ይላል።