የገና ዱላና የሰው ጠባይ

ሰው ዕቃን ሲሠራ ዕቃውም በፈንታው ሰውን ይሠራዋል። ይህ ነገር በትልልቅ ሥራ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ ልጆች ለጨዋታ በሚያበጁት እንጨትም ይታያል። ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የገናን ዱላ ምሳሌ አድርገን፣ «ማንም በማያይበት ስፍራ እውነተኛ መሆን ምን ይጠቅማል?» የሚለውን ጥያቄ እንመርምር።

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ዋጃ በራያ ቆላ ሜዳ የተቀመጠች ናት። አገሩ የማሽላና የጤፍ አገር ነው። የገና በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን በ28 ይውላል። ወራቱ የአዝመራ መሰብሰቢያ ስለሆነ፣ እህሉ ከተነሣለት እርሻ ላይ ለልጆች ሰፊ የመጫወቻ ሜዳ ይገኛል።

የጨዋታው ዕቃ ሁለት ብቻ ነው፤ ይኸውም ጫፉ የቆለመመ ዱላና ከእንጨት ወይም ከጠፍር የምትሠራ ሩር ናት። እነዚህን ለማግኘት ገንዘብ አያስፈልግም። ልጁ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየዞረ ጠንካራና ጫፉ በተፈጥሮው የታጠፈ ቅርንጫፍ ይፈልጋል። ያገኘም እንደሆነ ይቆርጠዋል፣ ይልጠዋል፣ ጉጡን ያስተካክላል፤ ከዚያም በጥላ አኑሮ ቀስ በቀስ ያደርቀዋል። ቸኩሎ በፀሐይ ቢያሰጣው ይሰነጠቅበታል። እንጨት ቢቆጡትም ቢለምኑትም አይታዘዝም፤ የሚታዘዘው ጠባዩን ላወቀለትና ለታገሠው ብቻ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ትዕግሥት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የሚገኘው ከሜዳው ላይ ነው። ተጫዋቾቹ በሁለት ወገን ተከፍለው ሩሯን በዱላ እየመቱ የተቃራኒውን ወገን ድንበር ለማሳለፍ ይሽቀዳደማሉ። ይህን ጨዋታ የሚመስለው ሆኪ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. በለንደን በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር ገብቷል፤ በሆኪ ሜዳ ግን ፊሽካ የያዘ ዳኛ አለ። በገጠር ሜዳ ብዙውን ጊዜ ዳኛው የተጫዋቹ ኅሊና ነው። አቧራው በተነሣ ጊዜ ሩሯ ድንበር ማለፏን በቅርብ ሆኖ ያየ አንድ ልጅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያ ልጅ «አልፋለች» ቢል የገዛ ወገኑ ይሸነፋል፤ «አላለፈችም» ቢል ማንም አያውቅበትም። በእጁ የያዘው ዱላም ሩርን ብቻ ሳይሆን የባልንጀራን እግር መምታት የሚችል ነው። እንጨቱ ለጠብም ለጨዋታም ያው እንጨት ነው፤ ጨዋታ የሚያደርገው የያዘው ሰው ራሱን መግታቱ ነው።

«ጨዋታ አይደለም ወይ? ትንሽ ቢዋሽበት ምን ይጎዳል?» የሚል አይታጣም። አባባሉ ጥቂት እውነት አለበት፤ በሩር ምክንያት ጎተራው የጎደለበት ሰው የለም። ነገር ግን ነገሩን ገልብጠን እንየው። እንጀራ በማያጎድልበት ስፍራ እውነትን መናገር ያቃተው ሰው፣ እንጀራ በሚያጎድልበት ስፍራ እንዴት ይቻለዋል? የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ሰው ቤትን በመሥራት ቤት ሠሪ እንደሚሆን፣ እንዲሁም የቅን ሥራን በመሥራት ቅን እንደሚሆን አስተምሯል። ቅንነት በልምድ የሚገኝ ከሆነ፣ ልምዱ የሚጀመረው በትንሹ ነገር ነው።

በራያ ቆላ ዝናሙ ንፉግ ነው። ገበሬው ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ ማሳውን ያጠጣል። ከላይ ያለው ድርሻውን ካጠጣ በኋላ ከታች ላለው መልቀቅ ይገባዋል። ጎርፍ ግን በሌሊትም ይመጣል፤ በሌሊት ደግሞ የሚያይ ጎረቤት የለም። የላይኛው ገበሬ ቦዩን ሳይለቅ ቢያድር፣ የታችኛው ማሽላ ሲደርቅ ሰዉ ዝናሙን እንጂ እርሱን አይወቅስም። በዚያ ሰዓት አካፋውን አንሥቶ ለጎረቤቱ ውሃውን የሚለቅ ሰው፣ ያ ጠባይ በአንድ ሌሊት አልመጣለትም። በልጅነቱ በአቧራ መካከል ቆሞ በገዛ ወገኑ ላይ «አልፋለች» እያለ የለመደው ነው።

እንግዲህ ጥያቄያችን መልስ አገኘ፤ ማንም በማያይበት ስፍራ እውነተኛ መሆን የሚጠቅመው፣ ከታች ሆኖ ውሃውን የሚጠብቅ ሰው ስላለ ነው። ወጣት ሆይ፤ ዱላህን በገዛ እጅህ አብጅ፤ ስትጫወትም ሩሯ ካለፈች አልፋለች በል።