የማኅበር ሥራና የዕቅድ ባለቤት

ሠራተኞች በማኅበር ሆነው ሥራቸውን ራሳቸው ሲያስተዳድሩ፣ ለሚመጣው ዘመን ማሰብ የማን ፈንታ ነው? ከበላይ የተሾመው ያስብላቸዋልን፣ ወይስ የሚደክሙት እነርሱው ያስቡ? ነገሩ የሒሳብ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የፍርድ ነገር ነው፤ የድካም ዋጋ የማን እንደ ሆነ መጠየቅ ነውና።

በወልቂጤና በቡታጅራ አገር የሚኖር ሰው ይህን ከእንሰት ይማረዋል። እንሰት ተተክሎ በዓመቱ አይበላም፤ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወረ ለቆጮ የሚደርሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ባለ ጓሮው ዘንድሮ የሚፋቀውን፣ ለከርሞ የሚቆየውን፣ ዛሬም የሚተከለውን ባንድነት ያስባል፤ አዛዥም የለበት። በ1950ዎቹ ዓመታት ደግሞ በአዲስ አበባ ይሠሩ የነበሩ ጉራጌዎች ገንዘብ አዋጥተው ለአገራቸው የመንገድ ሥራ ድርጅት አቆሙ። ከአዋጪዎቹ ብዙው መንገዱን የሚረግጠው ለመስቀል አገሩ ሲገባ ነበር፤ ሆኖም አዋጣ።

በደርግ ዘመን ግን ነገሩ ተገለበጠ። በ1971 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ ገበሬዎች በአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር ገብተው መሬቱንና በሬውን በየደረጃው የጋራ እንዲያደርጉ ታዘዘ። አስተዳዳሪዎቹ እነርሱ ተባሉ፤ የሚያስረክቡት እህል ልክና ዋጋው ግን ከላይ ይቈረጥ ነበር። እኛ የቅኔ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን እናውቀዋለን፤ ሰሙ «የእናንተ ነው» ይላል፣ ወርቁ «የእኛ ነው»። በመጋቢት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ከማኅበራቱ የሚበዙት በጥቂት ወራት ፈረሱ።

አንባቢ ሆይ፣ ለሠራተኛው ብቻ የማደላ አይምሰልህ። በቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1950 ዓ.ም. ፋብሪካዎች ለሠራተኞች ምክር ቤት እንዲሰጡ ሕግ ወጣ። እያደር ግን ብዙዎቹ ምክር ቤቶች ገቢውን በደመወዝ መካፈልን ወደዱ፤ ለአዲስ መሣሪያ ከባንክ ተበደሩ። በደጅ ሥራ አጥቶ የቆመው ወጣት በጉባኤው ድምፅ አልነበረውም፤ ብዙ መቶ ሺህ ሰውም እንጀራ ፍለጋ ወደ ጀርመንና ወደ ሌላውም አገር ሄደ። ከላይ የሚያዝ ጌታ ሳይኖርም ግፍ ሊኖር ይችላል ማለት ነው፤ የሚገፋው በዚያ የሌለው ሰው ነው።

እኔ ዕቅድ ኪሳራውን ለሚሸከመው ይገባል ባይ ነኝ፤ ነገር ግን ከክፍያው በፊት የማይነካ ድርሻ ይቀመጥ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ከተጣራው ትርፍ 30 በመቶ ተቀንሶ እንዲቀር ያዘዘው ለዚህ ይመስለኛል። ባለ እንሰቱ ለችግኙ ቦታ የሚተወው ግን ያለ አዋጅ ነው። የማኅበር ሰው በጓሮው ያለውን ይህን ልብ ወደ ጉባኤው ይዞ ለምን እንደማይገባ እስካሁን አልገባኝም።