ርካሽ ቤትና የባልንጀራ ችግር

አንባቢ ሆይ፤ ሰው በዕድሜው ከሚገዛው ነገር ሁሉ ቤትን የሚያህል የለም። ልብስ ያረጃል፥ ከብትም ይሞታል፤ ቤት ግን ልጆች የሚያድጉበት፥ እንግዳ የሚያርፍበት፥ በመጨረሻም ሬሳ የሚወጣበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ቤት ሊገዛ የተነሣ ሰው ከደላላ ጋር ከደጅ ወደ ደጅ ሲዞር እግሩ ብቻ አይደክምም፤ ልቡም ይፈተናል። የዚህች ትንሽ ጽሑፍ ነገር ይህ ፈተና ነው።

ነገሩ እንዲገለጥልህ አንድ ምሳሌ ልንገርህ። ከአዳማ ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በወለንጪቲ ከተማ አንድ መምህር ቤት ይፈልጋል እንበል። ደላላው ሦስት ቤት አሳየው። አንደኛው በአሮጌው የባቡር ሐዲድ አጠገብ ያለ ነው፤ ቤቱ ደኅና ሳለ ገበያው ስለ ራቀ ዋጋው ዝቅ ብሏል። ሁለተኛው ክረምት በመጣ ጊዜ ጎርፍ በሚወርድበት ቦይ ዳር የተሠራ ነው፤ ግድግዳውም ተሰንጥቋል፤ ዋጋው ከፊተኛው ያንሳል። ሦስተኛው ግን መሠረቱ የጸና፥ ቆርቆሮው ያልዛገ፥ ግቢው የሰፋ ነው፤ ዋጋው ግን ከሁለቱ ይልቅ ረከሰ። መምህሩ ቢደነቅ ደላላው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፥ «ጌታዬ፥ የሴትዮዋ ባለቤት በቅርቡ ሞተዋል፤ ለሕክምናቸው የተበደሩት ዕዳም ቀኑ ደርሷል። ጥቂት ቀን ይታገሡ፤ ዋጋው ገና ይወርድልዎታል» አለው።

እንግዲህ ይህ መምህር የትኛውን ቤት ይግዛ? በስንትስ ይግዛ? ዓለም ለዚህ ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው ይላል፤ የክርስቶስ ደቀ መዝሙር ግን ቀላል ነው ሊል አይችልም።

መጀመሪያ ይህን ለይተህ እወቅ፤ ርካሽነት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከቤቱ የሚመጣ ርካሽነት አለ፤ ከሰው የሚመጣም ርካሽነት አለ። ቤቱ ጉድለት ስላለበት ዋጋው ቢያንስ ገዢው ጉድለቱን አብሮ ይሸከማልና ትርፉ በእውነት የእርሱ ነው። ቤቱ ደኅና ሆኖ ባለቤቱ ስለ ተጨነቀ ዋጋው ቢያንስ ግን ገዢው የሚሸከመው ምንም ጉድለት የለም፤ ሸክሙ ሁሉ በሻጩ ላይ ይቀራል። የፊተኛውን ያለ ኀፍረት ተቀበል፤ የኋለኛው ግን የአንተ ገንዘብ አይደለም።

ከቤቱ የሚመጣውን ርካሽነት ለማወቅ ዐይንን ከፍቶ መመርመር ኃጢአት አይደለም፤ ትጋት ነው። ጌታችን በዓለትና በአሸዋ ላይ ስለ ሠሩት ሁለት ሰዎች ሲያስተምር ስለ መሠረት ማሰብን አልነቀፈም። እኛም የምንኖርበት ስምጥ ሸለቆ ምርመራ የሚሻ ሀገር ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በመተሐራ ዙሪያ ምድር ደጋግማ በተንቀጠቀጠች ጊዜ ብዙ ቤት ተሰነጠቀ፥ ሕዝብም ከመኖሪያው ወጣ፤ መናወጡም እስከ አዲስ አበባ ተሰማ። ስለዚህ ስንጥቅ ባየህ ጊዜ ከልስኑ ብቻ መሆኑን ወይም ከመሠረቱ መምጣቱን ግንበኛ ጠርተህ አስመርምር። ውኃውንም ጠይቅ፤ በስምጥ ሸለቆ በብዙ ስፍራ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር ይበዛበታልና። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ያሳስባል፤ ሲበዛ የልጆች ጥርስ ይበልዛል፥ እጅግ ሲበዛም አጥንት ይጎዳል። ዘመንም የስፍራን ዋጋ እንደሚለውጥ አስተውል፤ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በሐዲዱ ዳር መኖር ጥቅም ነበረ፤ ዛሬ ግን የአሮጌው ሐዲድ ባቡር ወደ አዲስ አበባ መመላለሱን ካቆመ ዓመታት አልፈዋል።

ወረቀቱንም መርምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ዘንድ እንዲመዘገብ ያዝዛል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ባልና ሚስት የጋራ ቤታቸውን ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጡ ይላል። ባል ሚስቱን ደብቆ የሚሸጥልህ ቤት ቢረክስ አትደሰት፤ የእርስዋ እንባ በውሉ ላይ ያልተጻፈ ዕዳ ነውና።

አሁን ወደ ሦስተኛው ቤት እንመለስ። ልባችን ብዙ ማመካኛ ያቀርብልናል።

የፊተኛው ማመካኛ፥ «ዋጋውን የጠራችው ራስዋ ናት፤ አላስገደድኋትም» የሚል ነው። እውነት ነው፥ አንተ አላስገደድሃትም፤ ዕዳው ግን አስገድዷታል፥ አንተም ይህን ታውቃለህ። ጎርፍ የወሰደው ሰው ገመድ ለሚጥልለት ያለውን ሁሉ እሰጣለሁ ይላል፤ ገመዱን ይዞ በዳር ቆሞ ስለ ዋጋ የሚከራከረውን ሰው ግን ማን ጻድቅ ይለዋል? የሀገራችን ሕግ እንኳ ይህን አይቷል። የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1710 ውል አንዱን ወገን እጅግ ስለ ጠቀመ ብቻ አይፈርስም ይላል፤ ነገር ግን የተጎዳው ሰው ፈቃድ የተገኘው በችግሩ፥ በየዋህነቱ፥ በእርጅናው ወይም ንግድ ባለማወቁ በመጠቀም እንደ ሆነ ፍትሕ ሲጠይቅ ውሉ ሊፈርስ እንደሚችል ይናገራል። ሕግ ከሳሽን ይጠብቃል፥ ምስክርንም ይሻል፤ ኅሊና ግን ከሳሽም ምስክርም ሆኖ በውስጥህ ተቀምጧል።

ሁለተኛው ማመካኛ፥ «እኔ ባልገዛው ሌላው ይገዛዋል» የሚል ነው። ይህስ መግዛትን ይከለክላልን? አይከለክልም። ምናልባት መበለቲቱን የሚጠቅማት አንተ መግዛትህ ነው። ጥያቄው በምን ዋጋ የሚል ነው። ሌላው ሰው የሚሠራው በደል ለአንተ ፈቃድ አይሆንህም፤ በፍርድ ቀን እያንዳንዱ ስለ ራሱ ይመልሳልና።

ሦስተኛው ማመካኛ ከሁሉ ይከብዳል፤ «እኔም ድሀ ነኝ፤ በኪራይ ቤት ልጆች አሳድጋለሁ፤ እንዲህ ያለ ዕድል ዳግመኛ አላገኝም» የሚል ነው። ወንድሜ ሆይ፤ ይህን ቃል አልንቀውም። እግዚአብሔር የሌለህን ክፈል አይልህም፤ ነገር ግን የሌላውን ድህነት የአንተን ድህነት ማስታገሻ አታድርገው። ወደ ሴትዮዋ ሄደህ፥ «እናቴ፥ የቤትዎ የተገባ ዋጋ ይህን ያህል ነው፤ በእጄ ያለው ግን ይህ ነው» በላት። የቀረውን በየወሩ በውል ልትከፍላት ትችል እንደ ሆነ ተስማማ። ዕዳዋ ጊዜ የማይሰጥ ከሆነ ደግሞ የሚበልጥ የሚከፍል ሰው እንድታገኝ እርዳት፤ አንተም ወደ ፊተኛው ቤት ተመለስ። ምናልባት በዚህ ምክንያት ከገበያ ርቀህ ትኖር ይሆናል፥ ወይም አንድ ዓመት ሌላ በኪራይ ትቆይ ይሆናል። ይህ ቀላል ነው አልልህም፤ ነገር ግን አባቶቻችን የሰው ወርቅ አያደምቅም ያሉት በከንቱ አይደለም።

ቅዱስ መጽሐፍን ብትመረምር ይህ አዲስ ትምህርት አለመሆኑን ታገኛለህ። አብርሃም ሣራን ይቀብርባት ዘንድ የመክፌላን ዋሻ በፈለገ ጊዜ ኤፍሮን በነጻ እሰጥሃለሁ አለው፤ እርሱ ግን የተጠራውን አራት መቶ ሰቅል ብር በከተማው ሰዎች ፊት ሳያጎድል መዘነ። በነህምያም ዘመን ረኃብ የጠናባቸው ሰዎች እርሻቸውንና ቤታቸውን ለወንድሞቻቸው በመያዣ ሰጡ። ያ ውል በፈቃድ የተደረገ ነበር፤ ነህምያ ግን ታላላቆቹን በጉባኤ ገሠጻቸው፥ የወሰዱትንም እንዲመልሱ አደረጋቸው። የሙሴም ሕግ ቅጥር ባለው ከተማ ቤቱን የሸጠ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ መልሶ ይቤዠው ዘንድ ፈቀደለት። በችግር የተሸጠ ቤት እንደ ሌላ ሸቀጥ እንዳልሆነ እግዚአብሔር ያውቅ ነበርና።

ስለዚህ ቤት ለማየት ስትወጣ ይህን አድርግ። ባለቤቱ ስለምን እንደሚሸጥ ጠይቅ፤ የምትጠይቀው ግን ችግሩን አውቀህ ዋጋ ለማውረድ አይሁን። የቤቱን የተገባ ዋጋ ከደላላው ብቻ አትስማ፤ ከግንበኛና ከአካባቢው ሽማግሌዎችም ጠይቅ። ሻጩ የቤቱን ጉድለት እንዲነግርህ እንደምትወድ፥ አንተም ቤቱ ከጠራው ዋጋ እንደሚበልጥ ብታውቅ ንገረው። ቀብድ ከሰጠህ በኋላ ሌላ ሰበብ ፈልገህ ዋጋ አታስቀንስ። ለሚወጣውም ቤተ ሰብ ማረፊያ እስኪያገኝ ቀን ስጠው፤ ያዘኑ ልጆችን ዕቃ በመንገድ ላይ አታስጥል።

በመጨረሻም ይህን አስብ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፥ አይሸጥም ይላል፤ ስለዚህ ዛሬ በወለንጪቲ ቤት የሚገዛ ሰው ቤቱን እንጂ ምድሩን አይገዛም። ከዚያ እጅግ በፊት የሙሴ ሕግ ምድር የእግዚአብሔር እንደ ሆነች፥ ሰውም በእርስዋ ላይ እንግዳ እንደ ሆነ አስተማረ። እንግዳ ለሌላው እንግዳ ሊራራ ይገባዋል። አንተም ከዚያ ቤት አንድ ቀን ትወጣለህ፤ ቍልፉን ለሌላው ትተዋለህ። ያን ጊዜ ከአንተ ጋር የሚሄደው ቤቱን የገዛህበት መንገድ ነው። ጌታ የቀና ሚዛንና የሚራራ ልብ ይስጠን። አሜን።