ንቅሳት ወይስ ሕክምና?

የእስቴ መካነ ኢየሱስ ተወላጅ የሆነች አንዲት እህት የብጉር ጠባሳዋን በመርፌ መታከም ፈልጋ፣ «ንቅሳት ይሆንብኝ ይሆን?» ስትል ጠየቀችኝ።

ስጋቷ መሠረት አለው። በጎንደር አገር ድድና አንገት የሚነቀሰው ቆዳው ተወግቶ ጥላሸት ሲገባበት ነው። ለውበት ሲሉ የአላህን ፍጥረት የሚለውጡ ነቃሾችና ተነቃሾች የተረገሙ መሆናቸውን ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

ይህኛው መርፌ ግን ቀለም አይተውም። እንዲያውም ካሚራንድና ዱሴ የተባሉ የካናዳ ባለሙያዎች በ1997 (እ.ኤ.አ) ባሳተሙት ጽሑፍ ጠባሳ ያከሙት በንቅሳት መሣሪያ መሆኑን ገልጸዋል፤ ያለ ቀለም! የተበሳው ቆዳ ሲሽር ኮላጅን ያመርታል፤ ጎድጓዳው ጠባሳ ቀስ በቀስ ይሞላል። ዐርፈጃ (ረ.ዐ) በጃሂሊያ ዘመን በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸው ተቆርጦ የብር አፍንጫ አደረጉ፤ ሲሸትባቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በወርቅ እንዲተኩት አዘዟቸው። ወርቅ ለወንድ ሐራም ሆኖ ሳለ! ጠባሳን ማከም በእኔ አመለካከት ከዚህ ወገን ነው። እንከን የሌለው ፊት ለፋሽን ሲወጋ ግን ልቤ አይቀበለውም።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አንድ ሮለር ከፊት ወደ ፊት በሚዞርበት ሳሎን ሄፓታይተስ ቢ እና ኤች አይ ቪም አብረው ሊዞሩ ይችላሉ። ጥቁር ቆዳ ደግሞ ሲጎዳ ይብሱን ሊጠቁር፣ ጠባሳውም ሊያብጥ ይችላል። ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለጉዳቱ ተጠያቂ መሆኑን አቡ ዳዉድ በዘገቡት ሐዲስ እናገኛለን። ስለዚህ እህቴ፣ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂጂ፤ የመርፌው ማሸጊያ ዓይንሽ እያየ ይቀደድ። ብጉሩ ገና ካልዳነ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ታከሚ።