የጣዕም ትዝታ እውነት ይናገራልን?

በኢትዮጵያ ገበታ ላይ ጣፋጭ ነገር የራሱ ተራ የለውም። ምግብ ሲያበቃ የሚከተለው ቡና ነው። ጣፋጭ የሚጠበቀው በምግብ ሰዓት ሳይሆን በዓመት ቀን ነው፤ ለቡሄ ሙልሙል፥ ለፋሲካ ከድፎ ዳቦው ጎን ጥቂት ማር፥ ክቡር እንግዳ ሲመጣ ወይም ልጅ መንገድ ሲወጣ ጭኮ። ስለዚህም ጣፋጭ ነገር ከቀኑና ከሰው ተለይቶ አይታወስም። ኮረሪማ የሸተተው ጎልማሳ የሚያስበው ቅመሙን አይደለም፤ አያቱን ነው። ወዲያውም “ያ ዘመን እንዴት ይጣፍጥ ነበር!” ይላል።

ለመሆኑ ይህ ትዝታ እውነት ይናገራልን? ወይስ ምላስ ለራሷ ስትል የምታቀናብረው ታሪክ ነው?

ጭኮ ጥሩ ምስክር ነው። ገብሱ ይለቀማል፤ ይቆላል፤ ተሸክሽኮ ከገለባው ይለያል፤ ይፈጫል፤ በመጨረሻም ኮረሪማ፥ ጥቁር አዝሙድና ኮሰረት ገብቶበት በተነጠረ ቅቤ ይለወሳል። ውኃ ስለማይነካው ለብዙ ቀን ሳይበላሽ ይቆያል፤ ለመንገደኛ ስንቅነት የተመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው። በሶ የዚያው ዱቄት ድኃ ወንድም ነው፤ በውኃና በጨው ይለወሳል፤ ማር ከተገኘም ይበጠበጥበታል። ፊደል በቆጠረ ሰው ሁሉ አእምሮ ውስጥ አበበ የሚባል ልጅ ከነበሶው መቀመጡ ያለ ነገር አይደለም። ጭኮንና በሶን የሚለያያቸው ቅቤ ነው። ቅቤ ደግሞ በገጠሩ ቤት ምግብ ከመሆኑ በፊት ገንዘብ ነበር፤ ቅቤው ገበያ ይወጣል፥ ለልጅ የሚተርፈው አሬራው ነው። እንግዲህ ጎልማሳው አሁን የሚያስታውሰው ጣዕም ግማሹ የቅቤው ሲሆን ግማሹ የማጣቱ ነው። በየቀኑ ቢበላው ኖሮ ባላስታወሰውም ነበር።

ትዝታ እጅን ያስታውሳል፤ ትከሻንና ጉልበትን ግን ይረሳል። ጭኮውን ያቀረበው እጅ ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት የወፍጮውን መጅ ሲገፋ አድሯል። ዛሬ በከተማ “የሞተር ወፍጮ ዱቄት እንደ ድንጋዩ አይጥምም” የሚል ቅሬታ ይሰማል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ቅሬታውን የሚያሰሙት ከድንጋዩ ሥር ተንበርክከው የማያውቁት መሆናቸው ሊስተዋል ይገባል።

የማሩ ነገር ደግሞ ከቤት ውጪም ይዘልቃል። ገባሩ ቀፎውን ሰቅሎ፥ በንብ ተነድፎ የቆረጠውን ማር በጉንዶ እየሞላ ለግብር ያስረክብ ነበር፤ ማሩም በትልቁ አዳራሽ ጠጅ ሆኖ ይጠጣል። “ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ” የሚለው ተረት ጨዋነትን ያስተምራል፤ ሰፋሪው ማን፥ የሚሰፈርለትስ ማን እንደነበረ ግን አይጠይቅም።

ክርክሩ ጥንታዊ ነው። በፕላቶ “ሪፐብሊክ” ሁለተኛ መጽሐፍ ሶቅራጥስ ጤናማይቱን ከተማ በሐሳቡ ሲመሠርት ለዜጎቿ የገብስና የስንዴ ምግብ ይሰጣል፤ ግላውኮን ማባያ የለውም ብሎ ሲያጉረመርም በለስ፥ ሽምብራና ባቄላ ይጨምርለታል። ግላውኮን አይረካም፤ ይህ የአሳማዎች ከተማ ነው ይላል። የቅንጦት ከተማ ሲፈቀድለት ግን መሬቱ ይጠባል፥ የጎረቤትን መሬት መቁረስ ይመጣል፥ ጦርነት ይከተላል። ሶቅራጥስ በዚህ አልተሳሳተም። ሆኖም የደጋ ሴት ከዚያው ከገብሱ፥ የማንንም ድንበር ሳትገፋ፥ የበዓል ደስታ ታወጣለች። ስለዚህ በአስፈላጊውና በቅንጦቱ መካከል ያለው ድንበር የሚታወቀው በምግቡ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ማን ደክሞበት ማን እንደበላውም ታይቶ ነው።

ስኳር ሲመጣ ይህ ጥያቄ ከጓዳ ወጣ። በ1946 ዓ.ም. የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በአዋሽ ዳር በወንጂ ያቋቋመው ፋብሪካ ማምረት ጀመረ፤ በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ንብረት ሆነ። ማር ያልደረሰው ከተሜ በሻይ ብርጭቆው ውስጥ ጣፋጭ አገኘ። በደስታ ከረሜላ ልጅነቱን የሚያስታውስ ትውልድ አለ፤ በቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ለራሽን ስኳር እናቱን ተከትሎ መሰለፉን የሚያስታውስም አለ፤ ለእርሱ የቤተሰብ ጣዕም ማለት ያቺ በኪሎ የተመጠነች ስኳር ናት። ነገር ግን የወንጂ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። ያንን ውኃ እየጠጡ አገዳ ሲቆርጡና ፋብሪካውን ሲያንቀሳቅሱ የኖሩ ሠራተኞች የልጆቻቸው ጥርስ ጠየመ፤ ብዙ ዓመት ከጠጡት መካከልም አከርካሪያቸው የደረቀ፥ አንገታቸውን ማዞር የተሳናቸው ነበሩ። የከተማው ልጅ ከረሜላውን ሲመጥ ይህን አላወቀም። ባለማወቁ አይወቀስም። አድጎ፥ ተምሮ፥ ስለ ልጅነቱ ከረሜላ ሲተርክ የወንጂን ልጅ ጥርስ ከትረካው ቢያስቀር ግን ትዝታው ግማሽ እውነት ይሆናል።

ከዚህ ተነሥቶ ትዝታን ሁሉ እንደ ሐሰተኛ ምስክር ማባረር ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። በጭኮው ውስጥ ጭቆናን ብቻ የሚያይ ዓይን፥ ጭኮውን የለወሰችውን ሴት ለሁለተኛ ጊዜ ይበድላታል። እህሉ ተቆጥሮ፥ ማሩ ተሰፍሮ፥ ቅቤው ተሽጦ ከቀረው ላይ ቆንጥራ ለልጅ ያስቀመጠችው ማንም አዝዟት አይደለም። በእጇ የነበረው ነፃነት ያ ብቻ ነበር፤ እርሱንም ለመስጠት ተጠቀመችበት። የልጅ ልጇ “ይጣፍጥ ነበር” ሲል ያችን ስጦታ መመስከሩ ነው፤ በዚህም አልዋሸም። የሚጎድለው የእርስዋ ቃል ነው። በየቤቱ ስለ አያት ጭኮ ብዙ ይወራል፤ አያትን “ለእርስዎስ እንዴት ይጥምዎ ነበር?” ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ለፋሲካ የሚሆነው ቅቤ የሚነጠረው ሃምሳ አምስቱ ቀን ሳያልቅ፥ በሰሙነ ሕማማት ነው። በጾም ቅቤ አይቀመስም። ጎመኑ እስኪበስል፥ ድፍኑ ምስር እስኪወጣ ራስዋ ባዶ ሆድዋን የቆየችው ሴት ከድስቱ በላይ ጎንበስ ትላለች፤ ኮረሪማው መብዛት ማነሱን፥ ቅቤው መድረስ አለመድረሱን በሽታው ብቻ ትለያለች። ከዚያ እሳቱን አዳፍና ክዳኑን ትገጥማለች።