የተሳላሚ ሸክም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የነሐሴ 24 ቀን የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ሲቃረብ፣ ከቂርቆስና ከካዛንቺስ ደብረ ሊባኖስን በእግራቸው ለመሳለም የሚነሡ አሉ። መንገዱ የእንጦጦን አቀበት ወጥቶ፣ በሱሉልታ፣ በጫንጮና በሙከ ጡሪ አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ክረምቱም ገና አልወጣምና ዝናቡና ጭቃው ከተሳላሚው ጋር አብረው ይጓዛሉ። እንግዲህ ምን ይያዛል? ምንስ ይተዋል? ይህ ጥያቄ የጓዳ ጉዳይ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የእምነትና የፍቅር ጥያቄ መሆኑን ከራሳችን ስሕተት ተምረናል።

በመጀመሪያው ጉዟችን ሌሊት ቅዱስ ኡራኤልን ተሳልመን ስንነሣ፣ በላያችን ሁለት ጋቢ፣ ትርፍ ጫማ፣ ድስትና የአምስት ቀን እንጀራ ተሸክመን ነበር። የእንጦጦን አቀበት ሳናጋምስ ትንፋሻችን አጠረ፤ ጸሎታችንም ተቋረጠ። ከካዛንቺስ አብረውን የመጡ አንዲት አረጋዊት እናት በጭቃው ላይ ሲወድቁ፣ ሁለቱ እጆቻችን በዕቃ ተይዘው ነበርና ያነሣቸው ሌላ ሰው ሆነ። ከመካከላችንም አንድ ወጣት፣ እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ፣ ምንም ሳይዝ ተነሥቶ ነበር። ማታ በሱሉልታ ሜዳ ብርዱ ሲጸና፣ እኒያው እናት ጋቢያቸውን ሰጡትና ራሳቸው በነጠላ ሲንቀጠቀጡ አደሩ። እኛ በሸክማችን ብዛት፣ እርሱም በባዶ እጁ፣ ሁለታችንም እኒያን እናት በደልናቸው።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በገላትያ መልእክቱ በአንዱ ምዕራፍ እርስ በርሳችን ሸክማችንን እንድንሸከም ያዝዛል፤ ጥቂት ዝቅ ብሎም እያንዳንዱ የገዛ ራሱን ሸክም እንደሚሸከም ይናገራል (ገላ. 6፥2፣ 5)። ሁለቱ ቃላት አይጣሉም። የራሱን የማይሸከም በባልንጀራው ላይ ይከብዳል፤ ለራሱ ከልክ በላይ የሚሸከምም ለባልንጀራው የሚዘረጋው እጅ አይተርፈውም። ስለዚህ የተሳላሚ ሸክም ልኩ ይህ ነው፤ ባለቤቱን ማንንም ሳያስቸግር የሚያደርሰው፣ አንድ እጁንም ነጻ የሚተውለት።

ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ እንጀራና ከረጢት፣ በመቀነታቸውም ገንዘብ እንዳይዙ፣ ሁለት እጀ ጠባብም እንዳይለብሱ ሲያዝዝ፣ በትሩንና ጫማውን ፈቀደላቸው (ማር. 6፥8-9)። እኛ ወንጌል ልንሰብክ የተላክን ሐዋርያት አይደለንምና ስንቅ ብንይዝ አንወቀስም፤ ሆኖም ትርፉን መተው ከዚህ ትእዛዝ እንማራለን። ጫማውም እግር የለመደው ይሁን። ዳዊት የሳኦልን የጦር ልብስ አውልቆ የተወው ስላልፈተነው ነው (1ኛ ሳሙ. 17፥39)፤ ለጉዞ ተብሎ በዋዜማው የተገዛ ጫማም ተረከዝን ያቆስላል። ቅዱስ ጳውሎስ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ ጢሞቴዎስ እንዲያመጣለት ለምኗልና (2ኛ ጢሞ. 4፥13)፣ ከብርድ የሚያድን አንድ ጋቢ መያዝ የእምነት ጉድለት አይደለም። ጋቢው ውሃ ከጠጣ ግን ክብደቱ እጥፍ ይሆናልና ስስ ላስቲክ ሊለብስ ይገባዋል።

ስለ ስንቅም፣ እንጀራ በእርጥበት ይሻግታል፤ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ግን ቀላልና የማይበላሹ ናቸው፤ በሶውንም በጥቂት ውሃ በጥብጦ መጠጣት ይቻላል። ሐኪም መድኃኒት ያዘዘለት ሰው መድኃኒቱን ከቶ አይተው። ውዳሴ ማርያምን በቃሉ ያጠና ሰው መጽሐፉን ባይዝም ጸሎቱ አይታጎልበትም፤ በልብ የተጻፈ ክብደት የለውምና። ከጉዞውም አንድ ሳምንት አስቀድሞ ሸክሙን አዝሎ ከካዛንቺስ እስከ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ይመለስ፤ የሚተወውን ትከሻው ይነግረዋል።

እኒያ እናት፣ ስሙን በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ያገኘው የካዛንቺስ ሰፈር በ2017 ዓ.ም. ለልማት ሲፈርስ፣ ብዙ ዘመን ከኖሩበት ቤት ወጥተው ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። የጫኑት ዕቃ ጥቂት ነበረ፤ ኀዘናቸው ግን ቀላል አልነበረም። ጎረቤትን፣ ማኅበርንና አጥቢያን የተለየ ሰው ሸክም በአንድ ትከሻ የሚቻል አይደለም፤ ሐዋርያው እርስ በርሳችሁ ተሸከሙ ያለውም እንዲህ ያለውን ነው። እኛም ከጊዜ በኋላ ፈልገን ጠየቅናቸው፤ የቀደመውን በደላችንንም ነግረን ይቅርታ ለመንናቸው። እርሳቸው ግን መውደቃቸውን እንኳ ረስተውት ነበር፤ ይልቁንም ነሐሴ ሲመጣ የሚይዙትን በትር አሳዩን።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፣ ከረጢታችንን ስናቀልል ለራሳችን ምቾት ብቻ አይሁን። በአቀበት የሚወድቀውን ለማንሣት፣ ከሰፈራችን ርቆ የሄደውንም ወንድም ደጁ ድረስ ሄዶ ለመጠየቅ እጃችን ባዶ ይሁን። አንድ እግሩ እስኪሰበር ድረስ ቆሞ የጸለየው የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ጸሎት ተሳላሚዎችን ሁሉ በሰላም አድርሶ ይመልስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።