የጾም ኪኒን አለ?

በዐቢይ ጾም ቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ያሉ ካፌዎች ማኪያቶውን በአኩሪ አተር ወተት ይሠራሉ፤ ኬኩም የጾም ነው። ጿሚው የአረፋው ጣዕም ሳይቀርበት 55ቱን ቀን ይዘልቃል። እዚያው ሰፈር ከፋርማሲ የገዛውን ኪኒን ወረቀት ዘርግቶ ቢያነብ ግን «ላክቶስ ሞኖሃይድሬት» የሚል ሊያገኝ ይችላል። ላክቶስ የወተት ስኳር ነው።

ታዲያ ኪኒኑ ጾም ያስገድፋል?

ከላም ወተት ከመቶ 5 እጅ ያህሉ ላክቶስ ነው። ፋብሪካዎች የሚያወጡት አይብ ከተሠራ በኋላ ከሚቀረው አጓት ሲሆን፣ ተጣርቶና ደርቆ ሽታ የሌለው፣ ከተራ ስኳር እጅግ ያነሰ ጣፋጭነት ያለው ነጭ ዱቄት ይወጣዋል። መድኃኒት ሠሪዎች የሚፈልጉት በሽታ ስለሚያድን አይደለም። የታይሮይድ ሕመምተኛ የሚውጠው ሌቮታይሮክሲን 50 ማይክሮግራም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ግራም ለ20,000 ኪኒን ይበቃል ማለት ነው። ይህን በጣት ቆንጥሮ መያዝ ስለማይቻል ላክቶስ መሙያ ሆኖ ይጨመርበታል።

መሙያ ነው ተብሎ ግን አይናቅም። ላክቶስ የተቀመጠበት ዕቃ ካልተከደነ የሌላ ነገር ሽታ ይስባል። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ከአንዳንድ መድኃኒቶች ጋር ተዋሕዶ ይጠይማል፤ የዳቦን ቅርፊት የሚያጠይመው ለውጥም ይኸው ነው። በ2009 ዓ.ም. ፈረንሳይ ውስጥ ከአንድ የሌቮታይሮክሲን ኪኒን ላክቶሱ ወጥቶ ማኒቶልና ሲትሪክ አሲድ ሲገባበት፣ በሺህ የሚቆጠሩ ታካሚዎች አቤት ብለዋል።

ወደ ጾሙ ጥያቄ ስንመለስ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት ለታመመ ሰው ጾምን ያቀልለታል። ይህ መልስ የሚያየው ሰውየውን ነው፤ ስለ ዱቄቱ ምንም አይልም።

ዱቄቱን የሚመረምር መልስ በሙስሊም ሊቃውንት ዘንድ ይገኛል። የካፕሱል ልባስ የሆነው ጀላቲን አንዳንዴ ከአሳማ ቆዳ ይሠራል። በ1995 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ የተሰበሰቡ ሊቃውንት «ኢስቲሃላ» በተባለው መርህ፣ ባሕርዩ ፈጽሞ የተለወጠ ነገር የቀድሞው ነገር አይደለም ብለው ጀላቲኑን ንጹሕ አሉት፤ ያልተቀበሉትም አሉ። ይህ መርህ ለላክቶስ አይሠራም። ላክቶስ ከወተቱ ተለየ እንጂ አልተለወጠም፤ በጡት ውስጥ የነበረው ያው ስኳር ነው።

እንግዲህ በሚዛን እንየው። 100 ሚሊግራም ላክቶስ የሚገኘው 2 ሚሊሊትር ገደማ ወተት ውስጥ ነው፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ኪኒኑ ወተት አለው፣ የወተት ደስታ ግን የለውም። የጾሙ ማኪያቶ ደግሞ ወተት የለውም፣ ደስታው ግን አልጎደለበትም። ጾም ምኞትን መግታት ከሆነ፣ ነፍስ አባት ፊት ቀርቦ መልስ መስጠት ያለበት ከሁለቱ የትኛው ነው?

ፋርማሲስቱ ወደዚህ ክርክር ሳይገባ ከጾሙ ጋር የሚገጥም ትእዛዝ ይሰጣል፦ ሌቮታይሮክሲን በማለዳ፣ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ይዋጣል። ቡናም አኩሪ አተርም መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውኩ፣ የጾሙ ማኪያቶ ራቅ ብሎ ተራውን ይጠብቃል።